አንቺን ባላገባ ኖሮ

ሰፈሩ ሁሉ ኢንጂነር ይለዋል። ሥራው የተበላሸ ሊፍት መጠገን ነው፤ ሰው ውስጥ ተቀርቅሮ ሲጮህ በሩን ፈልቅቆ የሚያወጣው እሱ ነው። ማዕረጉን የሰጠው ዩኒቨርሲቲ የለም። እሱ ግን አንድም ቀን «ኧረ አይደለሁም» ብሎ አያውቅም፤ ሰው ማሳፈር አይወድም።

አንድ ጠዋት አለቃው ሠራተኞቹን ሰብስቦ፣ እንግሊዝኛ የማይችል ቴክኒሻን ወደፊት ቦታ እንደማይኖረው ጥርት ባለ አማርኛ አስረዳ። ኢንጂነርም በስተርጅና ለማታ ትምህርት ተመዘገበ፤ ያውም መካከለኛ ደረጃ። ለምን ከታች እንዳልጀመረ ሲጠየቅ «ጀማሪ አይደለሁማ» አለ። ክፍሉ ከጥርስ ሐኪም ቤት በላይ ነው። ከታች መሰርሰሪያው ሲያፏጭ ከላይ ግሥ ይረባል።

መምህሯ በዕድሜ ልጁ የምትሆን ቀጭን ሴት ናት። ወሩ አጋማሽ ላይ «ኢፍ» የሚባለው ነገር ላይ ደረሱ። የመጀመሪያውን ዓይነት ወደደው፤ «ከዘነበ ዣንጥላ እይዛለሁ» ማለት ማንንም አይጎዳም። ሁለተኛው የማይሆን ነገር መመኛ ነው፤ «ሀብታም ብሆን» ሲባል ክፍሉ በሙሉ ጎበዝ ሆነ። ጉዱ ያለው ሦስተኛው ላይ ነው፤ ካለፈ በኋላ «እንዲህ ባይሆን ኖሮ» እያሉ መቆጨት። «ከራሳችሁ ሕይወት ምሳሌ ፈልጉ፤ ቤት ካለ ሰው ጋር ተለማመዱ» አለች መምህሯ። አላገባችም፤ በምን ታውቃለች።

ቤት ያለው ሰው ሚስቱ ናት። መጋረጃ በስፌት ማሽን እየሰፋች ሳለ ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ።

«የቤት ሥራ ነው። እኔ እላለሁ፣ አንቺ በአማርኛ ትመልሻለሽ።»

«በል እሺ።»

ጉሮሮውን ጠርጎ በእንግሊዝኛ አንድ ረጅም ነገር ተናገረ። «ውድ ሃቭ» ላይ ሁለቴ ተሰናከለ።

«ምን ማለት ነው?»

«አንቺን ባላገባ ኖሮ ፓይለት እሆን ነበር።»

ማሽኑ ቆመ። ኢንጂነር አምፖል ለመቀየር ወንበር ላይ ሲወጣ እንኳ ከፍታ ፈርቶ የሚስቱን ትከሻ የሚይዝ ሰው ነው። እሷ ግን ይህን አላነሳችም።

«ሰዋስው ነው እንጂ እኔ አይደለሁም» አለ ቶሎ ብሎ።

«ገባኝ። አሁን የኔ ተራ ነው?» ክሩን በጥርሷ በጠሰች። «ያን ቀን ታላቅ ወንድምህ ባያረፍድ ኖሮ አንተን አላገባም ነበር።»

«እንዴት?»

«የቀጠረኝ እኮ እሱ ነው። አንተን ‹ትንሽ አቆያት› ብሎ ላከህ። ይኸው አቆየኸኝ።»

ኢንጂነር ይህን ሁሉ ዓመት ወንድሙ ሆን ብሎ ያገናኛቸው ይመስለው ነበር፤ እንግዳ በመጣ ቁጥርም ያወራዋል። በማግስቱ አኮረፈ። አጠገቡ ላለችው ሚስቱ የሚናገረው በሴት ልጁ በኩል ሆነ፤ «ለእናትሽ ጨው ታቀብለኝ ብለሽ ንገሪያት።»

ክፍል ውስጥ መምህሯ እሱን አስነሳችው። ሊናገር ያሰበው የፓይለቱን ነበር። ከአፉ የወጣው ግን የወንድሙ ሆነ፤ ለክፉ ሲሆን ምላሱ «ውድ ሃቭ» ላይ እንኳ አልተሰናከለም። አንዲት የባንክ ሠራተኛ አፏን በመሃረብ ሸፈነች። መምህሯ ግን ከመጣ ጀምሮ እንዲህ ተደስታበት አታውቅም። «በጣም ትክክል ነው» ብላ ሰሌዳው ላይ ጻፈችው፤ ተማሪውም ሁሉ በአንድ ድምፅ ደገመው። ወንድሙ ባያረፍድ ኖሮ ሚስቱ አታገባውም ነበር። «አሁንም አንዴ» አለች።

ሲወጣ ደረጃው ላይ ቆሞ ለወንድሙ ደወለ።

«ያኔ ለምን አረፈድክ?»

«የቱን ቀን?» አለ ወንድሙ። እውነትም ረስቶታል። ያን ቀን ስለቀጠራት ልጅ ሲነገረው ደግሞ «ያቺ ልጅ ሚስትህ ናት እንዴ!» ብሎ ሳቀ።

ኢንጂነር ቤት ሲገባ ልጁን መሃል ሳያስገባ ሚስቱ ፊት ተቀመጠ።

«ወንድሜ ቀኑንም ረስቶታል።»

«እኔ አልረሳሁም።»

«ይቆጭሻል?»

ቶሎ «ኧረ በጭራሽ» እንድትለው ጠብቆ ነበር። እሷ ግን ሳትቸኩል አሰበች። «አንዳንድ ቀን» አለች፤ «ደግሞ ይተወኛል። አንተስ?»

ኢንጂነር የሚለው ሁሉ ረጅም ስለሆነበት አሳጠረው። «እኔንም እንደዚያው» አለ። የመጋረጃውን አንድ ጫፍ አቀበለችው፤ እሷ ወደ መስኮቱ እየሄደች ስትለካ እሱ ሳይንቀሳቀስ ይዞላት ቆመ።