በቀኝ አውራ ጣቴ የቆጠርኩት

መጀመሪያ የከዳኝ እግሬ ነው። ሱዳን፣ ሐጅ ዩሱፍ ገበያ ውስጥ ባለችው የስፌት ሱቄ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ፣ የአንድ ደንበኛ ጀለቢያ እየሰፋሁ ነበር። ቀኝ እግሬ ከመኪናው ፔዳል ላይ ተንሸራተተ። መለስኩት። እንደገና ተንሸራተተ። ጫማዬ መስሎኝ አወለቅኩት። ወዲያው ክሩ ተበጠሰ፤ መርፌው ውስጥ ላስገባው ስል ጣቶቼ መያዝ አቃታቸው። አጠገቤ ቆሞ ይጠብቅ የነበረው ደንበኛ፣ እዚያ ባለሙያን እንደሚጠሩት፣ «ኡስታ፣ ምን ሆንክ?» አለኝ። ልመልስለት ሞከርኩ። ምላሴ አልታዘዝ አለኝ። ሰውየው ጠጥቼ የመጣሁ መስሎት ፈገግ አለ። ከዚያ ፊቴን አየ። ፈገግታው ጠፋ። ደግፎ ሪክሻ ላይ ጫነኝና ሆስፒታል አደረሰኝ።

«ስትሮክ ነው» አለኝ ሐኪሙ ሲቲ ስካኑን ካየ በኋላ። «በግራ በኩል ያለ የአንጎልህ ደም ሥር ተዘግቷል። የደም ግፊት አለብህ?»

ነበረብኝ። ሁለት ዓመት አምሎዲፒን የሚባለውን የግፊት መድኃኒት ስወስድ ቆይቼ፣ ደህና ነኝ ብዬ በራሴ ፈቃድ አቁሜዋለሁ። ይህችን አንዲት ነገር በተሳሰረ አፍ ለመናገር ብዙ ደቂቃ ፈጀብኝ። ሐኪሙ ታግሶ ሰማኝ። አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ዘጠኝ ቀን ተኛሁ። እዚያ በሽተኛን የሚያበላው፣ የሚያጥበው፣ የሚያገላብጠው ዘመድ ነው። በግራዬ የተኙት ሽማግሌ አራት ሴቶች ልጆች ነበሯቸው። በቀኜ ያለው ሰው ሚስቱ አልጋው ሥር ምንጣፍ ዘርግታ ትተኛለች። እኔ ማንም አልነበረኝም። ባለቤቴ ከሞተች ስድስት ዓመት ሆኗታል፤ ልጅ አልወለድንም። አንዲት እህቴ ደሴ ናት፤ እንዳትጨነቅ ብዬ ሳልነግራት ቀረሁ። የማውቃቸው ሐበሾች አንድ ሁለት ጊዜ መጥተው ጠየቁኝ፤ ሠርቶ አዳሪዎች ናቸው፣ ሄዱ። የሽማግሌው ልጆች ከአባታቸው ሾርባ ቀንሰው ያጎርሱኝ ነበር። ውለታቸውን አልረሳም። ግን አንገቴን አዙሬ የምውጠው በኀፍረት ነበር።

ቤት ስመለስ ባሰ። ሆስፒታል ቢያንስ የሰው ሳል እሰማ ነበር። የምኖረው በሐጃ አሚና ግቢ፣ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነው። ሐጃ ባላቸው የሞተባቸው፣ ሰባ ዓመት የሞላቸው ሱዳናዊት ናቸው። በር ላይ በሳሕን ፉል ያስቀምጡልኛል፤ እኔ ማመስገን ስለሚያደክመኝ ዝም ብዬ አነሣለሁ።

በየሁለት ሳምንቱ ፊዚዮቴራፒ እሄድ ነበር። ሐናን የምትባል ወጣት ባለሙያ ሦስት እንቅስቃሴ ሰጠችኝ፦ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ፣ ግድግዳ ይዞ ተረከዝን ማንሳት፣ በቀኝ እጅ ፎጣ መጭመቅ። ቤቴ ሆኜ በየቀኑ እንድሠራቸው ነገረችኝ። በሁለተኛው ቀጠሮ ጠየቀችኝ።

«በቀን ስንት ጊዜ ተነሳህ?»

«ብዙ።»

«ብዙ ቁጥር አይደለም» አለችና ከቦርሳዋ አንዲት ትንሽ ነገር አወጣች። ሙስሊሞች ዚክር ሲያደርጉ፣ ፈጣሪን ደጋግመው ሲያወሱ፣ የሚቆጥሩባት፣ እንደ ቀለበት ጣት ላይ የምትጠለቅ የፕላስቲክ ቆጣሪ ናት። አንዲት ቁልፍ አለቻት፤ ሲጫኗት ጠቅ ትልና ቁጥሩ በአንድ ይጨምራል፣ ተጭነው ሲያቆዩአት ወደ ዜሮ ይመለሳል። ሌላ ምንም አታውቅም። እኔ አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ በግራ እጄ ስነካ አየችና ሳቀች።

«ዚክር አድርግባት አላልኩህም፣ ቁጠርባት። በተነሳህ ቁጥር በደካማው አውራ ጣትህ ተጫን። መጫኑም ራሱ ስፖርት ነው።»

በመጀመሪያው ቀን አራት ጊዜ ተነሳሁ። ከመነሳቱ ይልቅ ቁልፏን መጫኑ ከበደኝ። በማግስቱም አራት። በሦስተኛው ቀን ስድስት። ቁጥሩን በግራ እጄ፣ በተንጋደደ ጽሕፈት፣ የቀን መቁጠሪያው ላይ እጽፋለሁ። ትናንት ስድስት ካልኩ ዛሬ አምስት ላይ ማቆም ያሳፍረኝ ጀመር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግን ዘጠነኛው ላይ ስደርስ ደከመኝ። ተቀመጥኩ። ተጫንኩ። አሥር። አልተነሳሁም። ተጫንኩ። አሥራ አንድ። እንዲህ እያልኩ ሃያ ደረስኩ። ሃያን አየሁት። ማንን ነው የማታልለው? ክፍሉ ውስጥ ሰው የለም። ከታመምኩ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን አለቀስኩ። ወደ ዜሮ መለስኳትና ተነሳሁ። አንድ።

መቁጠር በጀመርኩ በወሩ መታጠቢያ ቤት ወደቅኩ። አጥንቴ አልተሰበረም። ልቤ ግን ተሰበረ። ስድስት ቀን ቆጣሪዋ ዜሮ ላይ ቆመች። ስድስት ቀን ከማንም ጋር አልተነጋገርኩም። መሞት አልተመኘሁም፤ መነሳትም አልተመኘሁም።

በሰባተኛው ቀን ሐጃ አሚና በሩን አንኳኩ።

«ደምሴ፣ ልጄ፣ ጠቅ ጠቅ የሚለው ነገር የት ሄደ?»

አልገባኝም።

«ከግድግዳው ወዲያ በየቀኑ እሰማው ነበር እኮ። ሲበዛ፣ ዛሬ በርትቷል እላለሁ። ሲያንስ ዱዓ አደርግልሃለሁ። ይኸው ስንት ቀን ሆነው፣ ጠፋ።»

አንድ ወር ሙሉ ማንም አያውቅልኝም እያልኩ ስነሳና ስቀመጥ፣ ለካ ከግድግዳው ማዶ የምትሰማኝ ነፍስ ነበረች።

«ዛሬስ ስንት ነው?» አሉኝ።

«ዜሮ ነው፣ ሐጃ።»

«ያላ፣ ተነስ። እኔ እዚሁ ቁጭ ብያለሁ።»

የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጡ። አምስት ጊዜ ተነሳሁ። በእያንዳንዱ «ማሻአላህ» አሉ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ለመግሪብ ሶላት ከመታጠባቸው በፊት «ስንት?» ብለው በግድግዳው ይጠሩኛል፤ እኔም ቁጥሩን በዐረብኛ እጮህላቸዋለሁ፣ እሱም ለምላሴ መፍቻ ሆነልኝ። ሃያው አርባ፣ አርባው ስድሳ እያለ፣ በአራተኛው ወር መቶ ሲደርስ፣ ምርኩዜን ትቼ እስከ ገበያው መጨረሻ ሄጄ ሻይ ጠጥቼ ተመለስኩ። ሐናን ግን አላታለለችኝም፤ «እግርህ ተመልሷል፣ ጣቶችህ ግን እንደ ድሮው ላይሆኑ ይችላሉ» አለችኝ። እውነቷን ነው። ዛሬ ሱቄን ከፍቼ ቀጥ ያለ ስፌት እሰፋለሁ፣ አሳጥራለሁ፣ አሰፋለሁ፤ ጥልፍና የቁልፍ ቀዳዳ ግን ለሌላ ሰፊ እሰጣለሁ። ሐጃ አሚና በስድስተኛው ወር ልጃቸው ዘንድ ለመኖር ወድ መደኒ ወደምትባል ከተማ ሄዱ። አሁንም አመሻሹ ላይ ጆሮዬ ግድግዳው ላይ ይቀራል።

ሐናንን፣ የሽማግሌውን ልጆች፣ ስሙን ያልጠየቅኩትን ያንን ደንበኛ፣ ከሁሉም በላይ ሐጃ አሚናን አመሰግናለሁ።

ይህን የምታነቡ በሽተኞች፣ የግፊት መድኃኒታችሁን ደህና ነን ብላችሁ አታቁሙ። እጅ ወይም እግር ከሰነፈ፣ አፍ ከተጣመመ፣ ንግግር ከተሳሰረ ባርፍ ይሻለኛል ብላችሁ አትተኙ፤ በዚያችው ሰዓት ሂዱ። ውድ መሣሪያ አያስፈልጋችሁም፤ ቆጣሪ ካጣችሁ በጠጠር ቁጠሩ፣ ብቻ የሠራችሁትን ቁጠሩ። የወደቃችሁ ዕለት ዜሮ ብላችሁ ጻፉና በማግስቱ ከአንድ ጀምሩ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ለእህቴ የነገርኳት በሰባተኛው ወር ነው። አለቀሰች፣ ተቆጣች፤ ከዚያ «ብቻህን እንደነበርክ እኔ በምን ልወቅ?» አለችኝ። ሰዎቼ የተዉኝ ይመስለኝ ነበር፤ ያልጠራኋቸው ግን እኔ ነኝ። እናንተ ሰዎቻችሁን ጥሩ።