የ«ሉክ አፍተር» ወረቀት

«አንቺ ክፍል ከገባሽ ተማሪው ይሸሻል። ፊትሽ ገና ሳትናገሪ ይቆጣል» አለኝ ቲቸር መኮንን፣ ሥራ በጀመርኩበት ቀን። ሀይሌ ጋርመንት ሰፈር አንድ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለች የእንግሊዝኛ ማሠልጠኛ አለችው፤ ባለቤቷም አስተማሪዋም እሱ ነው። እኔ ያመለከትኩት ለረዳት አስተማሪነት ነበር።

«ታዲያ ለምን ጠራኸኝ?» አልኩት።

«እንግሊዝኛሽ ጥሩ ነዋ። ከኋላ ሆነሽ ለተማሪ የሚታደለውን ወረቀት፣ ሀንዳውቱን አዘጋጂ። ከሰው ጋር መነጋገር ስትለምጂ የጀማሪዎቹን ክፍል እሰጥሻለሁ።»

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት ያላመጣሁ ሰው ነኝ። ክፍል እሰጥሻለሁ ያለኝ ሌላ ሰው አልነበረም። እሺ አልኩ። አራት ዓመት ከኋላ ተቀመጥኩ።

የኋላው ክፍል በቺፑድ የተከፈለ ነው። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተርና ከቤቴ ያመጣሁት መዝገበ ቃላት አለ። መስኮቱ ሲከፈት ከጎን ያለው ያላለቀ ሕንፃ ብሎኬት ፊት ለፊት ይገተራል።

ሥራዬ ፍሬዛል ቨርብ ነው፤ ሁለት ተራ ቃላት ተጣብቀው ሌላ ትርጉም የሚይዙበት። ለአንዱ አንድ ወረቀት። አናቱ ላይ እንግሊዝኛውን በትልቁ እጽፋለሁ፤ ለምሳሌ «ሉክ አፍተር»። ቀጥሎ ትርጉሞቹን። ልጅን ወይም የታመመን ሰው መንከባከብ። ዕቃ መጠበቅ። አንድን ሥራ በኃላፊነት መያዝ። ከዚያ ተመሳሳይ ቃላቱን።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ተመሳሳይ የሚባሉት ተመሳሳይ አይደሉም። «ማይንድ» ጎረቤትሽ ልጇን ለአንድ ሰዓት ጥላብሽ ስትሄድ ነው። «ነርስ» ለታመመ ነው። ስለዚህ እሞክራቸዋለሁ። ከምሳሌው ዓረፍተ ነገር «ሉክ አፍተር»ን አወጣና በቦታው አንዱን ቃል ተክቼ ጮክ ብዬ አነባለሁ። ከተስማማ ይቆያል። ካልተስማማ በቀይ እስክሪብቶ እሰርዘዋለሁ።

ጮክ ብዬ የማነበው ለብሎኬቱ ነው። ቀኑን ሙሉ አብረውኝ የሚውሉት ምሳሌዎቹ ውስጥ ያሉት ሰዎች ነበሩ፤ እህቷን የምትንከባከበዋ፣ የወንድሙን ሱቅ የሚጠብቀው። እናቴ ሆሳዕና ናት። እኔ ፉሪ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ብቻዬን ነው የምኖረው። አንዴ ታይፎይድ ይዞኝ ሦስት ቀን ስተኛ የደወለልኝ ቲቸር ብቻ ነበር፤ እሱም «ፋይሉን የት ነው ያስቀመጥሽው?» ሊለኝ።

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ የ«ሉክ አፍተር»ን ወረቀት ይዞ መጣ።

«ይሄ ምንድነው? አራት ቃል?»

«የሚሠሩት አራት ናቸዋ።»

«ለቡ የተከፈተው ማሠልጠኛ ለአንዱ አሥር ይሰጣል። ተማሪ የሚያየው ብዛቱን ነው። አሥር አድርጊው።»

«ሁሉም ቦታ አይገቡም እኮ።»

«ማን ይጠይቅሻል? ደግሞ የመስከረም ጀማሪዎችን ላንቺ ልሰጥሽ እያሰብኩ ነው። አታድርቂኝ።»

አላደረቅሁትም። መዝገበ ቃላቱ ላይ ያገኘሁትን ሁሉ ደረደርኩ። አዲሶቹን ስድስት ቃላት አንዱንም ጮክ ብዬ አላነበብኩም። ሰባተኛው «ጋርድ» ነበር።

እትዬ አስካለ የቅዳሜ ጠዋት ተማሪ ናቸው፤ ሃምሳ ይጠጋሉ። ለቡ አንዲት አሮጊት ሲያጥቡ፣ ሲያጎርሱ፣ መድኃኒት ሲያስውጡ ስድስት ዓመት ሠርተዋል። አሮጊቷ ሲሞቱ ሥራው አብሮ አለቀ። እንግሊዝኛ የሚማሩት የውጭ ሰዎች ቤት ተመሳሳይ ሥራ ለመያዝ ነው። ከማሠልጠኛው ሰው ሁሉ የኋላውን በር የሚያንኳኩ እሳቸው ብቻ ነበሩ። «ሰኒዬ፣ አለሽ?» ይሉና ቆሎ አስጨብጠውኝ ይሄዳሉ።

ነሐሴ ላይ አንድ ቅዳሜ ባዶ እጃቸውን መጡ።

«ልሰናበትሽ ነው።»

«ወዴት ሊሄዱ?»

«የትም። ትምህርቱ ይቅርብኝ፣ ጭንቅላቴ አይቀበልም።»

ሐሙስ ዕለት አንድ ፈረንጅ ቤት ለቃለ መጠይቅ ተጠርተው ነበር። ከዚህ በፊት ምን ሠርተዋል ተባሉ።

«ሉክ አፍተርማ ማንም ያውቀዋል ብዬ፣ ከወረቀቱ ጠንከር ያለውን መረጥኩ። ስድስት ዓመት አንዲት አሮጊት ጋርድ አድርጌያለሁ አልኩ፣ በእንግሊዝኛ። ሰውየው ሳቀ። ሚስቱን ጠርቶ እንደገና አስባለኝ። ‹ሴትዮዋ ሊያመልጡ ነበር?› አለችኝ እሷም።»

«ጋርድ በር ላይ የሚቆመው መሆኑን አያውቁም?» አልኩ። አፌ እንዲህ ነው።

«አውቃለሁ እንጂ! ባንክ በር ላይ አይፈትሸኝም? ግን ወረቀቱ ላይ ተጽፏል። እናንተ የተማራችሁት ከጻፋችሁ እኔ ማን ነኝና? ማክሰኞ ሌላ ቤት ጠርተውኛል፤ አልሄድም። ደግሞ እነሱም ይሳቁብኝ?»

እዚያው ይጠብቁኝ ብዬ ክፍል ሊገባ የነበረውን ቲቸርን ኮሪደር ላይ ያዝኩት።

«ወረቀቱ ስህተት ነው። ለተማሪዎቹ እንንገራቸው።»

«አንዴ ታድሏል። ሴትዮዋ አልገባቸውም፣ በቃ። በዚህ ዕድሜ የሚጠበቅ ነው። የመስከረምን ክፍል ትፈልጊያለሽ አትፈልጊም?»

«እፈልጋለሁ።»

«እንግዲያው ዝም በይ።»

ይህን ሥራ ለምትጀምሩ፦ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገብታችሁ ያልሞከራችሁትን ቃል ለሰው አትስጡ። ሰው አምኖ ይዞት ይወጣል።

እትዬ አስካለን በእጃቸው ይዤ ክፍል ገባሁ። ቲቸር ሰሌዳው ጋ ቆሟል፤ ተማሪው ሞልቷል።

«የሉክ አፍተርን ወረቀት አውጡ» አልኩ። «የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከአራተኛው በታች ያሉትን አልሞከርኳቸውም፤ ሰርዟቸው። እትዬ አስካለ አልተሳሳቱም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

«ይቺ ደግሞ ማናት?» አለች አንዷ።

«ሀንዳውቷ ናት» አለች ጎኗ ያለችው። ክፍሉ ሳቀ።

እትዬ አስካለ አልሳቁም። «ታዲያ ማክሰኞ ምን ልበል?»

«ሉክ አፍተር ይበሉ። ማንም ቢያውቀው እሱኑ ይበሉ።»

ማርከሩን ከጠረጴዛው አንስቼ ስለ አሮጊቷ ያሉትን ዓረፍተ ነገር በሉክ አፍተር አድርጌ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩላቸው። አስደገምኳቸው። በሦስተኛው ሳይንተባተቡ ተናገሩት። ከዚያ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ደብተራቸውን ገለጡ።

ቲቸር ማርከሩን ከእጄ ወሰደ።

«ጨረስሽ?»

«ጨረስኩ።»

«እንግዲህ መስከረምን አትጠብቂ። ሰኞም እንዳትመጪ።»

«ገባኝ።»

ቦርሳዬን ይዤ ደረጃውን ወረድኩ። ዝናብ ጀምሯል። መንገድ ዳር ወያላው «ፉሪ፣ ፉሪ፣ አንድ ሰው!» ይላል። ገባሁ።