እምቢተኛው ሻይ

ከተማ መጥተን ሀና ማርያም ስንገባ ልጄ ገና ዳዴ ትል ነበር። ዛሬም ፉሪ ተራራ ላይ ደመና ሲጠቁር ልቤ ወደ ሻይ ማሳ ይሄዳል። ያደግኩት በደቡብ ምዕራብ፣ ሻይ ልማት ውስጥ ነው። እናቴ ቅጠል ለቃሚ ነበረች። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ የሻይን ነገር ግን ጠይቁኝ።

ጠዋት ማሳው በጉም ይሸፈናል። ለቃሚዎቹ ላስቲክ አገልድመው፣ ቅርጫት አዝለው ሲገቡ ከጉሙ በላይ ጭንቅላታቸው ብቻ ይታያል። እናቴን የምለያት በሳቋ ነበር።

ክረምት ደግ ነው፤ ዝናቡ ተባዩን ከቅጠሉ ላይ ያጥበዋል። በጋው ሲረዝምና የመኪና መንገዱ አቧራ ማሳውን ሲሸፍነው ግን፣ በዓይን ለማየት የምታስቸግር ደቃቃ ቀይ ተባይ ትመጣለች። ያ ሁሉ አረንጓዴ በጥቂት ቀን ውስጥ የዛገ ቆርቆሮ ይመስላል። በዛገው መሃል ታዲያ አንድ ሁለት እግር ሻይ ሳይነካ ይቀራል። ለቃሚዎቹ «እምቢተኛ» ይሉታል። ቅጠሉ ወፍራም ስለሆነ ለጣት አይመችም። በደህናው ጊዜ፣ እንደ አማት ፊት አይፈታም እያሉ ይስቁበታል።

አንድ በጋ ካቦው፣ የለቃሚዎቹ አለቃ ማለት ነው፣ እናቴን ጠራት። ቁራጭ ተወስዶ ችግኝ እንዲሆን እምቢተኛ መርጣ ክር እንድታስርበት አዘዛት። ዓይኗን ያምነው ነበር። በማግስቱ ወባ ጣላትና ክሩን ለእኔ ሰጠችኝ። ላይኛው ዳገት ላይ፣ ፀሐይ የሚያነደው ቦታ፣ ከድንጋዩ አጠገብ ያለው ነው አለችኝ።

ሄጄ አየሁት። አቧራ የጠጣ፣ ቀጫጫ ነገር ነው። ታች ምንጩ ዳር ደግሞ አንድ ለምለም አለ፣ ቅጠሉ ያብረቀርቃል። እናቴ በትኩሳት ተሳስታ ይሆናል ብዬ ክሩን ለምለሙ ላይ አሰርኩት።

ከእሱ የተወሰደው ችግኝ አድጎ ዳገቱ ላይ ተተከለ። የመጀመሪያው ረጅም በጋ ሲመጣ አንድ ሳይቀር ቀላ። ካቦው በሴቶቹ ሁሉ ፊት እናቴን አዋረዳት። ያን ዕለት እያለቀስኩ ነገርኳት። ትመታኛለች ብዬ ነበር፤ አልመታችኝም።

«ውሃ ዳር የቆመ ሁሉ እምቢተኛ ይመስላል» አለችኝ።

ዘንድሮ ልጄ የእርሻ ትምህርቷን ጨረሰች። እዚያው እኔ ያደግኩበት አገር፣ ሻይ ችግኝ ጣቢያ ሥራ አገኘች። እኔ እምቢ አልኩ። መንገዱን አነሳሁ፣ ወባውን አነሳሁ፣ የሚረጨውን መድኃኒት አነሳሁ። ፈሪ ነኝ፣ አልደብቅም። ልጄ ከላፍቶ በታክሲ ስትመጣ ትንሽ ከዘገየች ግቢው በር ላይ ወርጄ እቆማለሁ፤ ጎረቤቶቼ ዘበኛዋ ይሉኛል።

አንድ ከሰዓት ዝናብ አግዶን ተቀምጠን፣ እዚያ አድገሽ ምን ሆንሽ ብላ ያዘችኝ። የክሩን ነገር ከእናቴ በቀር ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር፤ ነገርኳት። የምንጩ ዳር ጋ ስደርስ በሳቅ ፈረሰች፤ የካቦው ጋ ስደርስ ሳቋን ተወች።

«እኔስ እማዬ፣ የዳገቱ ነኝ የምንጩ?»

«እኔ እንጃ ልጄ። አንድ በጋ እንኳን ብቻሽን አላሳለፍሽም።»

ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት። እሷም ሰምታዋለች፤ ተነስታ ሻንጣውን ከአልጋ ሥር አወጣች። እኔም ልብሷን ማጣጠፍ ጀመርኩ። ሹራቡን ሁለት ጊዜ አጣጠፍኩት።

አሁን ከችግኝ ጣቢያው ስትደውል መጀመሪያ የምጠይቃት ዘነበ ወይ ብዬ ነው። ገና ነው፣ ደረቅ ነው ትለኛለች። ነይ ግን አልላትም።