ሆዳን ባቡር ስትጠብቅ

ልጅ እያለሁ በናዝሬት ከሰዓት በኋላ መሆኑን የምናውቀው በባቡር ጩኸት ነበር። ከድሬዳዋ የሚመጣው ባቡር ገና ከሩቅ ሲጮህ የሱዚ ጨዋታችንን ጥለን ወደ ጣቢያው እንሮጣለን። በየመስኮቱ ብርቱካንና ፓፓያ የሚያቀብሉት ሴቶች፣ የጋሪ ፈረሶቹ ላብ፣ የናፍጣው ሽታ፣ ዓይን የሚሞላው የናዝሬት አቧራ፣ ሁሉም ተደባልቆ ለእኛ እንደ በዓል ነበር። የሶማሊያ ጦርነት ከመጣ በኋላ ግን፣ የተቆረጠው ሐዲድ ተጠግኖ ባቡሩ እንደገና መምጣት ሲጀምር፣ የሚወርዱት መንገደኞች አልነበሩም። ፍራሽና ድስት የተሸከሙ፣ የሚቀበላቸው የሌለ ሰዎች ነበሩ። ተፈናቃይ የሚለውን ቃል ያን ጊዜ ሰማሁት።

ቀበሌው ትርፍ ክፍል ያለው ሁሉ አንድ አንድ ቤተሰብ እንዲያስጠጋ ጠየቀ። እኛ ጴንጤ የምንባል ነበርን። ጸሎት ቤታችን ተዘግቶ በየቤቱ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን የምንዘምርበት ጊዜ ስለነበር እናቴ የማንም ዓይን እንዲያርፍብን አትፈልግም ነበር። ያም ሆኖ በማግስቱ እጄን ይዛ ጣቢያ ወረደች። ግድግዳው ሥር አንዲት ረጅም ሴት ሕፃን ታቅፋ ጥቅልሏ ላይ ተቀምጣለች፤ አጠገቧ የእኔ እኩያ የምትሆን ልጅ ቆማለች። ሴትየዋ ሀሊማ ትባላለች፤ የመጣችው ከጅጅጋ በኩል ነው። አፏን የፈታችው በሶማሊኛ ቢሆንም ኦሮምኛ አቀላጥፋ ትናገራለች። እናቴ በገበያ ኦሮምኛዋ፣ "ነይ፣ ቤት አለ" አለቻት። ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር እንደነበረ ነገረችን። ሕፃኑን ወደ ደረቷ ጠጋ አድርጋ፣ "ከኋላችን እየመጣ ነው" አለች።

ልጅቷ ሆዳን ነበረች። ጓሯችን ካለው ሰርቪስ ቤት በገቡ ማግስት ቦኖ ውሃ ልንቀዳ አብረን ሄድን። እሷ "ቢዮ" አለች፣ እኔ "ውሃ" አልኩ፣ ወረፋ የያዘች ሌላ ልጅ ደግሞ በኦሮምኛ "ቢሻን" ብላ ገባችበት። ሦስታችንም እስኪያመን ሳቅን። ትምህርት ቤት ልጆቹ ስሟን "ሆዳም" እያሉ ሲያበሻቅጧት ትርጉሙን ሳታውቅ አቤት ትል ነበር። ያወቀች ዕለት ጠረጴዛ ላይ ወጥታ በአዲሱ አማርኛዋ፣ "ሆዳን ማለት ሀብታም ማለት ነው! እናንተ ናችሁ ሆዳሞች!" አለቻቸው። ከዚያ ወዲህ የደፈራት የለም። እናቷ ሳምቡሳ መጥበስ ስትጀምር ደግሞ የበርበሬውና የዘይቱ ሽታ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ በራችን ላይ ይሰበስበው ጀመር።

አንድ ነገር ብቻ አይቀርም ነበር። ባቡሩ ሲጮህ ሆዳን የያዘችውን ሁሉ ጥላ ትሄዳለች። ከጣቢያው አጥር ተለጥፋ የሚወርደውን ሰው ሁሉ ፊት ፊቱን ታያለች። የመጨረሻው ሰው ሲያልፍ ቀሚሷን አራግፋ፣ "ዛሬ አልመጣም" ትለኛለች። ቤት ስንደርስ ይህንኑ ለእናቷ ትነግራታለች። ሀሊማም ሁልጊዜ፣ "ነገ ይመጣል" ትላለች።

ከቅንጭብ አጥሩ ወዲያ እትዬ ብርቄ ይኖሩ ነበር። ባላቸው የሞቱባቸው፣ አንድ ልጃቸው ግርማ ለዚያው ጦርነት የዘመተባቸው፣ እኔንም አዝለው ያሳደጉኝ ሴት ናቸው። በአጥሩ ክፍተት ሳይሻገሩ የዋሉበት ቀን አልነበረም። ሶማሊኛ ከጓሯችን የሰሙ ዕለት ግን መሻገሩን ተዉ። አንድ ጠዋት እናቴን ከአጥሩ ማዶ ቆመው፣ "ልጄ ከማን ጋር እየተዋጋ እንደሆነ ጠፋሽ?" አሏት።

እናቴ፣ "እትዬ፣ እነዚህም ከዚያው እሳት አምልጠው የመጡ ናቸው" አለቻቸው።

"እንግዲያው እኔን እርሺኝ!"

ብዙም ሳይቆይ የቀበሌው ሰው መጥቶ በእነሀሊማ ላይ ከጎረቤት አቤቱታ ቀርቧል፣ ወደ መጠለያው ይመለሱ አለ። ቤታችንን ዙሪያውን እያየ፣ "እዚህ ማታ ማታ የሚሰበሰበውንም እናውቃለን" ብሎ ጨመረ። እናቴ ፊቷ ዓመድ መሰለ።  ሀሊማ ገብታ ጥቅልሏን ማሰር ጀመረች።

ሊሄዱ በተነሡበት ማለዳ ከአጥሩ ማዶ እሪታ ተሰማ። ሽማግሌዎች የግርማን መርዶ ይዘው ገብተው ነበር። እናቴ ነጠላዋን እንኳ በወጉ ሳትለብስ ሮጠች። ሀሊማ ጥቅልሏን መሬት አስቀምጣ ሕፃኑን አዝላ በአጥሩ ክፍተት ተሻገረች። እኔና ሆዳን እጅ ለእጅ ተያይዘን ተከተልናት።

ግቢው በለቀስተኛ ሞልቷል። ሀሊማ ስትገባ አንድ ሰውዬ መንገዷን ሊዘጋ ተነሣ። እሷ አላየችውም። እትዬ ብርቄ ፊት ተንበርክካ ሁለት እጆቻቸውን ያዘችና በሶማሊኛ ማልቀስ ጀመረች። ቃሉን ማንም አልተረዳውም፤ ዜማው ግን ከመሬት ሥር የሚወጣ ይመስል ነበር። ከዚያ በኦሮምኛ ቀጠለች። እኛ የናዝሬት ልጆች ኦሮምኛን የለመድነው ከጨዋታ ጋር ስለሆነ እያንዳንዱ ቃል ገባኝ።

"ልጅሽ የወደቀበት መሬት የእኔ አገር ነው። ብቻውን ነው ብለሽ አታልቅሺ። የልጆቼ አባት እዚያው አለ። በእነዚህ እጆቼ ከግራር ሥር ቀበርኩት። እናቴ ሆይ፣ ጎረቤታሞች ናቸው" አለች። ከዚያም እንደ አገሬው ማጽናኛ፣ "ኦብሲ" አለቻቸው፤ ቻይው ማለት ነው።

እትዬ ብርቄ አቦምሳ ተወልደው በኦሮምኛ ያደጉ መሆናቸውን ሰፈሩ ሁሉ ረስቶት ነበር።  ግንባራቸውን ከሀሊማ ግንባር አጋጥመው፣ "አቲስ ኦብሲ" አሉ፤ አንቺም ቻይው። ሁለቱ እናቶች ተቃቅፈው ሲላቀሱ ወንዶቹ እንኳ ባርኔጣቸውን አውልቀው ፊታቸውን አዞሩ።

እኔ ግን ሆዳንን ነበር የማየው። ኦሮምኛ ታውቃለችና አባቷ መሞቱን አሁን ሰማች፣ አሁን ትወድቃለች ብዬ እጇን አጥብቄ ያዝኩ። አልወደቀችም። ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

"አውቅ ነበር" አለችኝ። "ስትቀብረው አይቻለሁ። የተኛሁ መስሏት ነው።"

"ታዲያ ባቡሩን ለምን ትጠብቂያለሽ?"

"ለሆዮ ብዬ ነዋ። አባትሽ ይመጣል ስትል ደስ ይላታል።"

ሆዮ በእነሱ ቋንቋ እናት ማለት ነው። ሆዳን እኩያዬ ነበረች፤ ሱዚ ላይ እንዲያውም እኔ እበልጣት ነበር። ያን ያህል ነገር በዚያች ትንሽ ደረት ውስጥ እንዴት እንደ ያዘችው እስከ ዛሬ አይገባኝም።  ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰዎች ድንገት የሚንበረከኩት ለምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ይመስለኛል።

እትዬ ብርቄ ከሐዘን ሳይወጡ በጥቁር ልብሳቸው ቀበሌ ሄደው፣ "እነሱን የሚነካ እኔን ነው" ብለው ተመለሱ። ሀሊማ ለቀስተኛው ከተበተነም በኋላ ከአጠገባቸው አልተለየችም። ሕፃኑም አማርኛ ሲጀምር እትዬ ብርቄን "አያቴ" ብሎ እየጠራ አደገ። አገሩ ሲረጋጋ ወደ ጅጅጋ ተመለሱ። ሆዳን አሁን እዚያ አስተማሪ ናት፣ የልጅ ልጅም አይታለች ሲሉ ሰምቻለሁ።

ዛሬ ናዝሬት አዳማ ሆናለች። የቅንጭብ አጥር የለም፤ ግንቡ ከፍ ብሏል፣ የብረት በሩ ከውስጥ ይቆለፋል። ያን ጊዜ ፍርሃታችን ብዙ ነበር፤ ቢሆንም የጎረቤት ለቅሶ ሳይሰማን አያድርም ነበር። ባለፈው ከእኛ ፎቅ በታች ተፈናቅለው የመጡ ሰዎች ተከራይተዋል ሲባል ሰማሁ። ደረጃውን ወርጄ አንኳኳሁ። ዓይኖቿ ድካም ያዩ የሚመስሉ አንዲት ትንሽ ልጅ በሩን በጠባቡ ከፈተች። ጎንበስ አልኩና፣ "ስምሽን ንገሪኛ፣ የኔ እመቤት" አልኳት።