በሽምብራ የተገመተው ትራክተር

አዳማ በምኖርበት ሰፈር አንድ ጋራዥና አንድ የእንጨት መሰንጠቂያ አጥር ለአጥር ተጠግተው ይሠራሉ። ሰሞኑን ዝናብ ሲያካፋ የወፍራም ዘይትና የሰጋቱራ ሽታ ተቀላቅሎ በመስኮቴ ገባ። መስኮቱን ዘጋሁ። ሽታው ግን ቀድሞኝ ገብቶ ነበርና ጋሽ በዳዳን አስታወሰኝ።

ጋሽ በዳዳ የደራ ሰው ነበሩ። ወጣትነታቸውን በሰፋፊ እርሻዎች በመካኒክነት ጨርሰው፣ እኔ ልጅ ሳለሁ ሥራቸው አሮጌ ትራክተር በሐራጅ ለሚገዛ ገበሬ ዋጋ መገመት ነበር። ከካኪ ኮታቸው ኪስ ጥሬ ሽምብራ አይጠፋም። አንዷ ሽምብራ መቶ ብር ናት። ትራክተሩ ደህና ቢሆን የሚያወጣውን ያህል ቆጥረው በግራ እጃቸው ይይዙና መዞር ይጀምራሉ። ሞተሩ ሳይነሳ መዳፋቸውን ያሳርፉበታል፤ ሻጩ አስቀድሞ አሙቆት እንደሆነ ለማወቅ ነው። የፍሪሲዮኑ ፔዳል ምን ያህል እንደተበላ በአውራ ጣታቸው ይዳብሳሉ። ቀለሙን አያዩትም፤ ቀለም የሻጭ ነው ይሉ ነበር። ለየጉድለቱ አንድ ወይም ሁለት ሽምብራ መሬት ይጥላሉ። በእጃቸው የቀረው ዋጋው ነው። ከዚያ በላይ የሚጠራ ገበሬ አልነበረም።

አባቴ የሚያርሰው መሬት የራሱ አልነበረም። በሬዎቻችን በበሽታ ባለቁበት ዓመት ባለመሬቱ፣ እስከ ሰኔ ካልታረሰ ትራክተር ላለው ሰው እንደሚሰጠው አስታወቀ። አባቴ ላሞቻችንንና የእናቴን ጌጥ ሸጠ። የቤታችንን ቆርቆሮ ሳይቀር ነቅሎ ሸጦ ጣሪያውን ሣር አለበሰው። ናዝሬት አንድ እርሻ ያረጁ ዕቃዎቹን በሐራጅ ሲሸጥ ጋሽ በዳዳን ይዘን ሄድን። እኔን ያስከተለኝ ማስታወቂያውን እንዳነብለት ነው።

ጋሽ በዳዳ አንዱን ቀይ ትራክተር እየዳበሱ ሲዞሩ ሐራጅ ጠሪው፣ "ሽማግሌው፣ ሊገዙት ነው ወይስ ሊያገቡት?" አላቸው። ሰው ሳቀ። እሳቸው ተንበርክከው የካምቢዮውን ዘይት ማፍሰሻ ለመክፈት ቁልፍ እንዲሰጧቸው ጠየቁ። ጨረታው ሊጀመር ነበር። አባቴ ወደ እሳቸው አጎነበሰ።

"ኦቦ በዳዳ፣ ይቅርብዎ። ዋጋውን ብቻ ይንገሩኝ።"

"ሆዱን ሳላይ?"

"ሌላ ሰው ከወሰደው ልጆቼን ይዤ የት እገባለሁ?"

ቀና ብለው አዩት። ከዚያ ተነሱ፤ የጉልበታቸውን አቧራ አራገፉና እጃቸውን ዘረጉ። አሥራ ስምንት ሽምብራ። የአባቴን ኮት ይዤ ቆሜ ነበርና ሁለቱ የተባባሉትን የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። አባቴ በአንድ ሺህ ስምንት መቶ ብር አሸነፈ።

በሁለተኛው ቀን ካምቢዮው እርሻ መሃል ተሰበረ። ሲከፈት ዘይቱ በሰጋቱራ ተለውሶ ተገኘ፤ ሻጩ የማርሹን ጩኸት ለማፈን የጠቀጠቀው ነው። መለዋወጫ የሚገዛበት ሳንቲም ቤታችን ውስጥ አልነበረም። ዝናቡ ያለማቋረጥ ጣለ። አባቴ ውጭ ቆሞ ያልታረሰውን መሬት ሲያይ ይውላል።

እሁድ ጠዋት ጋሽ በዳዳ መጡ። በአገራችን የበደለ ሰው ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ይቅርታ ይለምናል፤ የተበደለው ካወረደለት ይቅር አለው ማለት ነው። እሳቸው የተሸከሙት ከካምቢዮው የወጣውን ጥርሱ የረገፈ ማርሽ ነበር። ደጃፋችን ላይ ቆመው፣ "ገመቹ፣ አጥፍቻለሁ" አሉ። አባቴ ከተቀመጠበት አልተነሳም። ያቻኮልኩዎ እኔ ነኝ አላለም። ዘይት የቀላቀለ የዝናብ ውሃ በአንገታቸው ሲወርድ አየሁ። በመጨረሻ ማርሹን ያወረደችላቸው እናቴ ናት። እሷ ነገሩን አታውቅም። እኔም አልነገርኳትም።

በሐምሌ መሬቱን ተነጠቅን። ናዝሬት ገባን፤ አባቴ ወፍጮ ቤት ጆንያ ሲሸከም ኖሮ ያችን ቃል ሳይናገር ሞተ። ጋሽ በዳዳን ከዚያ ወዲያ ለግምት የጠራቸው እንደሌለ ሰምቻለሁ። ልጅም ንብረትም አልተዉም። የተዉት ስማቸውን ነው። ዛሬም በደራ ገበያ ተታሎ የማይረባ ነገር የገዛ ሰው ካለ፣ "በበዳዳ ግምት ገዛኸው?" ብለው ይሳለቁበታል። የሚሳለቁት ልጆች በዳዳ ማን እንደነበሩ አያውቁም። ማፍሰሻውን ሊከፍቱ ተንበርክከው ነበር። ያስነሳቸው አባቴ ነው።