አባባ ምግብ ያቆሙ ሰሞን

ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ባጃጅ ነው የምሠራው። ባለፈው ክረምት አስቴር የምትባል ደንበኛዬ አባቷን ክሊኒክ ልታደርስ ተሳፈረች።

«ምግብ ካቆሙ ሳምንታቸው ነው። ብንለምናቸውም እምቢ አሉን» አለችኝ።

ክሊኒኩ በር ላይ ካርድ ልታወጣ ወረደች፤ እኔና ሽማግሌው ባጃጁ ውስጥ ቀረን። ምሳ አልበላሁም ነበርና የተቀቀለ ጎደሬዬን አወጣሁ። ብቻዬን መብላቱ አሳፍሮኝ፣ «አባባ፣ እንብላ» ብዬ ፌስታሉን ወደ ኋላ አቀበልኳቸው። ሲመልሱልኝ ባዶ ነው።

«ታዲያ ቤት ለምን አይበሉም?» አልኳቸው ሳልዞር።

«እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ወጡ ይፈስብኛል። አምስት ሰው ቁጭ ብሎ አፍ አፌን ያየኛል። ልጄ ደግሞ እንደ ሕፃን ላጉርስዎ ትለኛለች። አንተ አላየኸኝም።»

ያሉትን ለአስቴር ነገርኳት።

በሳምንቱ ከገበያ የገዛችውን ዕቃ ላደርስላት ቤቷ ገባሁ። ምሳ ላይ ነበሩ። አምስቱም ሳህናቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ይበላሉ። አባባ ከኋላቸው ጠረጴዛውን ለብቻቸው ይዘው ይጎርሳሉ።

«ና፣ ብላ» አሉኝ፤ «ግን አንተም ፊትህን አዙር።»