በስንዝር ያለፈች ኳስ

ልጅ እያለሁ ጋምቤላ ውስጥ የጎል መረብ የሚባል ነገር አልነበረም። ኖራ የተቀቡ ሁለት ቋሚዎችና አንድ አግዳሚ፣ በቃ። ኳስ በቋሚዎቹ መሃል ትለፍ በጎን፣ የሚፈርደው የዳኛው ዓይንና የተመልካቹ ጩኸት ነበር። በዚህ ሰበብ ስንት ጎረቤት እንደተኳረፈ የዚያ ዘመን ልጆች ታስታውሳላችሁ። ዛሬ መረብ አለ። ባለፈው ሳምንት የኦቻላ አስከሬን በሜዳው ጥግ ሲያልፍ ያንን መረብ አይቼ፣ ምነው ያኔ በነበርክ አልኩት በሆዴ።

ኦቻላ የከተማችን ቡድን አጥቂ ነበር፤ ግራኝ። ታኬታ ብርቅ ስለነበረ ከተከላካዩ ጓደኛው ጋር አንድ ጥንድ ለሁለት ተካፍለው ይጫወቱ ነበር፤ ግራው ለሱ፣ ቀኙ ለጓደኛው፣ ቀሪው እግር ባዶውን። ሲሮጥ አንዱ እግሩ ድም ይላል፣ ሌላው አይሰማም። የአባቴ፣ የሐጂ፣ ሱቅ ሜዳው አጠገብ ስለነበር ስኳር እየቋጠርኩ እንኳ ድምፁን ለይቼ “ኦቻላ ኳስ ይዟል” እል ነበር፤ ደንበኞቻችን ይስቁብኛል። ጠዋት ጠዋት ባሮ ዳር ዓሣ ያጠምዳል፣ ከሰዓት ልምምድ ይሠራል፣ ወደ ቤቱ ሲመለስ ደግሞ በራችን ላይ ቆሞ ውሃ ይጠይቀኛል። ላብና የወንዝ ጭቃ ይሸታል። ጠጥቶ ጣሳውን ሲመልስልኝ “ሐጂ ልጅ፣ አንቺ ባትኖሪ እሞት ነበር” ይለኛል። እኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነኝ፣ እውነት ይመስለኛል። ያቺን ቃል ለመስማት ስል ጣሳዋን በአሸዋ ፈትጌ አንጸባርቃት ነበር።

የዚያን ዓመት ረመዳን የዋለው በበጋው ሐሩር መሃል ነው። ጋምቤላን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በቀትር ቆርቆሮው ይንጣጣል፣ ውሻ እንኳ ጥላውን ለማንም አይለቅም። ቀኑን ሙሉ መጾም የጀመርኩት ያን ዓመት ነበር። እናቴ ግማሽ ቀን ይበቃሻል ብትለኝ አሻፈረኝ አልኩ። አባቴ ኮራብኝ። በወጣትነቱ ከጅማ ለንግድ መጥቶ እዚያው የቀረ ሰው ነው፤ ገበያ ውስጥ ሁለት ሰዎች ሲጨቃጨቁ “ሐጂ ጋ ሄደን በሱ ሚዛን እንመዝነው” ይባል ነበር። እኔን ደግሞ በየሱሁሩ፣ ንጋት ሳይቀድ ስንበላ፣ “ስትጾሚ አፍሽም ይጹም” ይለኛል።

ቡድናችን ከጎረቤቱ ከኢታንግ ቡድን ጋር የፍጻሜ ጨዋታ የነበረው ዕለት የሜዳው ዙሪያ የኒም ዛፎች ጥላ ሁሉ በሰው ተሞላ። ተጫዋች የሚመለምል ሰው ከአዲስ አበባ መጥቷል ተብሎ ስለተወራ ከተማው ሥራ ፈትቷል። እኔ ከጎሉ ጀርባ፣ ከግራው ቋሚ አጠገብ ተቀምጫለሁ። ከጎኔ ያሉት ልጆች ጥሬ ማንጎ በጨውና በበርበሬ ይበላሉ፤ ሽታው አፌን በምራቅ ይሞላዋል፣ ምራቄን ብውጥ ጾሜ ይፈርስ ይሆን እያልኩ እጨነቃለሁ። እስከ መጨረሻው ድረስ ባዶ ለባዶ ነበሩ። የኢታንጉ በረኛ ቾል የሚባል ረጅም የኑዌር ልጅ ነው፤ እጁ የማይደርስበት ቦታ ያለ አይመስልም። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ኦቻላ ኳሷን ከቀኝ እግሩ ወደ ግራው አዛውሮ መታት። ቾል ተወረወረ። አቧራው ተነሣ። ኳሷም አጠገቤ ሽው ብላ አለፈች።

አየኋት። በቋሚው ውጭ በኩል ነው ያለፈችው፣ አንድ ስንዝር ያህል።

ግማሹ ሜዳ ገባ ሲል ግማሹ አልገባም አለ። ድንጋይ የሚያነሣም አልጠፋም። ዳኛው የትምህርት ቤታችን የስፖርት መምህር ጋሽ ታደሰ ነበሩ፤ አቧራው እሳቸውንም ጋርዷቸዋል። ወደ ጎሉ ጀርባ መጥተው ልጆቹን አዩ። ሁሉም እንደየወገኑ ይጮኻል። ሻሼን ጠምጥሜ ዝም ብዬ የተቀመጥኩት እኔ ብቻ ስለነበርኩ ፊቴ መጥተው ቆሙ።

“የሐጂ ልጅ አይደለሽም?” አሉኝ።

“ነኝ።”

“ጾመኛ ነሽ?”

“አዎ።”

ወደ ሁለቱ ቡድኖች ዞረው “ጾመኛ አይዋሽም። እሷ ያለችውን እፈርዳለሁ፤ ተስማማችሁ?” አሉ። ተስማሙ። ቾል ሳይቀር እሺ አለ። ተንበርክኮ ነበር፣ ክርኑ ተልጦ ይደማል፤ አምኖኝ እንደሚያየኝ ይታወቀኛል። ከሱ ኋላ ኦቻላ ቆሟል። እሱ እኔን አያይም፣ መሬት መሬቱን ነው የሚያየው።

“ገብታለች” አልኩ።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን የከተማው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ኦቻላን በትከሻ ተሸክመው እስከ ድልድዩ ድረስ ጨፈሩ። ልጅህ ሐቀኛ ናት ብለው ስለነገሩት አባቴ በሰው ፊት ግንባሬን ሳመኝ። የማፍጠሪያው የመግሪብ አዛን ሲል ቴምሩን ነክሼ መልሼ ሳህኑ ላይ አኖርኩት። እናቴ ፀሐዩ ነው፣ ደከማት አለች። ሰኞ ጠዋት ደግሞ ጋሽ ታደሰ በባንዲራው ሥነ ሥርዓት ላይ ስሜን ጠርተው አስጨበጨቡልኝ። በዚያ ሰሞን ጫማ ያለው ልጅ ሁሉ የቀኙን አውልቆ በግራው ብቻ መጫወት ጀመረ፤ የሜዳው ዳር በነጠላ ጫማ ሞላ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የኔው እያደር ከበደ።

ኢድ ካለፈ በኋላ ኦቻላ እንደ ወትሮው ውሃ ሊጠይቅ መጣ። ሱቁ ውስጥ ከኔ በቀር ማንም አልነበረም። ጠጥቶ ጣሳውን በእጁ እንደያዘ ቆየ።

“ሐጂ ልጅ” አለኝ ቀስ ብሎ፣ “ያ ኳስ ገባ?”

“ገብታለች” አልኩት።

ትንሽ አየኝና “እሺ” ብሎ ጣሳውን ሰጠኝ። ባትኖሪ እሞት ነበር አላለኝም። በወሩ አዲስ አበባ ሄደ።

ሦስት ዓመት ስሙን በሬዲዮ ሰማን። የስፖርቱ ሰዓት ሲደርስ አባቴ ሬዲዮኑን በር ላይ ያወጣዋል፣ ሰው ተሰብስቦ መንገዱን ይዘጋል። ጋዜጠኛው “የጋምቤላው ልጅ” ባለ ቁጥር ሰፈሩ አንድ ላይ ይጮኻል፤ እኔም አብሬ እጮኻለሁ። በአራተኛው ዓመት ጉልበቱ ተጎድቶ በአውቶቡስ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ የመጋዘን ጥበቃ ሆኖ እያነከሰ ኖረ። ሰው ግን አልረሳውም። ሻይ ቤት ሲገባ ተነሥተው ወንበር ይለቁለታል፣ እስቲ ያቺን የኢታንግ ጎል ንገረን ይሉታል። “እናንተ ንገሩኝ” ይላል እየሳቀ።

አሥረኛ ክፍል ስደርስ እንደገና ጠየቀኝ። ሱቃችን ደጃፍ አግዳሚው ላይ የታመመ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጦ ነበር። “አሁን ትልቅ ሰው ሆንሽ። ያ ኳስስ?” አለኝ። እውነቱን ልነግረው አፌን ከፍቼ ጉልበቱን አየሁት፤ አብጦ ዱባ አክሏል። የቀረችው ያቺ ጎል ብቻ ናት፣ እሷን ብነጥቀው ምን ይቀረዋል ብዬ አዘንኩለት። “ገብታለች አልኩህ እኮ!” አልኩት ተቆጥቼ። በጎ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

አገባሁ፣ ወለድኩ፣ አባቴም ሱቁን ለኔ ትቶ ወደ ማይቀርበት ሄደ። ዘንድሮ ኦቻላ በጠና ታመመ ሲሉኝ ዛሬስ እነግረዋለሁ ብዬ ሱቁን ዘግቼ፣ ብርቱካን ይዤ ሄድኩ። ክፍሉ በድሮ የቡድን ጓደኞቹ ሞልቷል፤ ስለዚያችው ጎል እያወሩ ያስቁታል። በሰው ፊት እንዴት አድርጌ? ትንሽ ቆሜ ልሄድ ስል እጄን ያዘኝ።

“ቆዪ እንጂ። ሰዎቹ አሁን ይሄዳሉ” አለኝ።

“ሱቁን ክፍት ትቼው ነው የመጣሁት” አልኩት።

እጄን ለቀቀኝ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አረፈ።

በተቀበረ በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ቤት ሄድኩ። የድሮ ደጋፊዎቹ ቀለሙ የለቀቀ ማሊያቸውን ለብሰው ድንኳኑን ሞልተውታል። የቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን አረፍ ሲሉ የጎሏ ወሬ ተነሣ። አንዱ ከሃያ እርምጃ ነው የመታት አለ፤ ሌላው ከመሃል ሜዳ አደረጋት። ሳቁና እንባው ተቀላቅሏል። ከዚያ አንዱ “ይኸው በረኛው ራሱ አለ አይደል!” ብሎ ወደ ጥግ አመለከተ። ቾል ነው። ከኢታንግ ለቅሶ ሊደርስ መጥቷል፤ ጸጉሩ ሸብቷል። ሁሉም ሳቁበት፣ እሱም አብሯቸው ሳቀ። እኔን ግን አላስቻለኝም። ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩና ማን እንደሆንኩ ነገርኩት።

“ያቺ ኳስ አልገባችም” አልኩት።

“አውቃለሁ” አለኝ።

“እንዴት አወቅክ?” አልኩት።

“ኦቻላ ነግሮኛል። ያኔ፣ ከኢድ በኋላ፣ በጭነት መኪና ኢታንግ መጣ። ውጭ ነው አለኝ። እኔ ተናደድኩ። ተነስ፣ ዳኛው ጋ እንሂድ አልኩ። እሱ እምቢ። ልጅቷ ጾም ይዛ ዋሸች ይሏታል፣ አባቷ ያፍራል፣ ትንሽ ልጅ ናት አለ። አንተ ትልቅ ነህ፣ ትችላለህ አለኝ።” ጺሙን ዳበሰ። “ሰፈር ውስጥ ቀዳዳው ይሉኝ ነበር። ቻልኩት።”

“ታዲያ ካወቀ ለምን ይጠይቀኝ ነበር?”

“ራስሽ እንድትነግሪው ነዋ። እሷ ስትነግረኝ እኛም ለሰው እንነግራለን ይል ነበር። በተገናኘን ቁጥር፣ ልጅቷ ነገረችህ? እለዋለሁ። ገና ናት ይለኛል። ባለፈው ዓመትም ጠየቅኩ። ገና ናት አለ።”

ሠላሳ ዓመት ገደማ እኔ የሱን ስም የጠበቅኩ መስሎኝ ኖርኩ። እሱ የኔን ሲጠብቅ ኖሯል፤ አላውቅም ነበር። አንድ ቃል ነበር የሚፈልገው፣ ያንንም ሰስቼበታለሁ። እንባዬን ጠርጌ ተነሣሁና በድንኳኑ ሰው ሁሉ ፊት፣ ያቺ ኳስ አልገባችም፣ በልጅነቴ ዋሽቼ ነው አልኩ። ወሬው ቆመ። ከፊት የተቀመጡት ሽማግሌ ራሳቸውን ነቀነቁ። “ተይ ልጄ፣ ሐዘን ነው የሚያናግርሽ” አሉኝ። አንዱ ደጋፊ ደግሞ “እኔ እዚያው ነበርኩ፣ በዓይኔ በብረቱ ነው ያየኋት፣ መሃል ለመሃል ነው የገባችው” ብሎ ማለ። ቾል ተነሥቶ “እውነቷን ነው” ቢል “የተሸነፈ በረኛ ሌላ ምን ሊል ኖሯል?” ብለው ሳቁበት። ሰውም ወደ ወሬው ተመለሰ።

ያኔ በአሥር ዓመቴ ዋሽቼ አንድ ከተማ ሙሉ አመነኝ። ዛሬ የልጆች እናት ሆኜ፣ እውነቱን ተናግሬ፣ የሚያምነኝ አጣሁ። በነሱ አልፈርድም፤ የሚወዱትን ሰው ቀብረው የቀረቻቸው ጎሏ ናት። ያንን ቃል ሲጠብቅ የኖረው ሰው ግን አፈር ከለበሰ ሦስት ቀኑ ነበር።